በሰማይ ተንጠልጥላ የቀረችው መርከብና የተመልካቾች ክርክር

በጥር ወር 2007 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ በየዓመቱ በሚደረገው ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ላይ፣ ቋንቋው አማርኛ፣ ተዋንያኑ ኢትዮጵያውያን፣ ምድሩም የዳሎል በረሃ የሆነ፣ ርዝመቱ 68 ደቂቃ ብቻ የሆነ አንድ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ታየ። ይህ «ክራምብስ» (ፍርፋሪ) የተባለው ፊልም ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ፣ ዋና ተዋንያኑም ዳንኤል ታደሰ ጋጋኖና ሰላም ተስፋዬ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የሳይንስ ልብ ወለድ ረጅም ፊልም እየተባለ በውጭ አገር ብዙ ምስጋና ተጽፎለታል። ያገሩ ሰው ግን በአንድ ቃል አልተቀበለውም፤ አንዱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአድናቆት ሲከተለው፣ ሁለተኛው ተሰላችቶ ከመካከሉ ትቶት ሲነሣ፣ ሦስተኛው ደግሞ አገሬ ተዋረደች ብሎ አዝኖበታል። ይህ ጸሐፊ በቦሌ፣ በገርጂና በጉርድ ሾላ ከፊልም ወዳጆች ጋር ሲወያይ የሰማው የአሳብ ልዩነት፣ ስለ አንድ ፊልም ጥሩነትና መጥፎነት ብቻ የተነሣ ሳይሆን፣ የሚመጣውን ዘመን ማን ይሣለው፣ እንዴትስ አድርጎ ይሣለው ከሚል ጥልቅ ጥያቄ የመነጨ መሆኑን ስለ ተረዳ፣ ነገሩን በየወገኑ እየለየ ሊመረምረው ወደደ።

የቦሌና የምሥራቁ አዲስ አበባ ነዋሪ ለዚህ ዓይነቱ ክርክር የተለየ ቅርበት አለው። ቀድሞ ሲኒማ መግባት ማለት ወደ ፒያሳ ወጥቶ በሲኒማ ኢትዮጵያ ወይም በሲኒማ አምፒር በር ላይ ተራ መጠበቅ ነበር፤ ኋላ ግን በቦሌ መንገድ ዓለም ሲኒማ፣ በመድኃኔ ዓለም ካቴድራል አጠገብ በኤድና ሞል ማቲ ሲኒማ፣ በጉርድ ሾላም የሴንቸሪ ሞል ሲኒማ ተራ በተራ ሲከፈቱ፣ ፊልም የማየት ልማድ ወደ ምሥራቅ አዘነበለ። በነዚህ አዳራሾች ተመልካቹ የለመደው ሁለት ዓይነት ፊልም ነው። አንደኛው ከሆሊውድ የሚመጣው፣ ከዋክብትን የሚያቋርጡ መርከቦችና የሚያስቡ መኪናዎች የሚታዩበት ነው፤ ሁለተኛው ያገር ውስጡ የፍቅር፣ የትዳርና የሣቅ ፊልም ነው። በመሆኑም በተመልካቹ ልቡና ውስጥ ማንም ሳያውጅ አንድ ድንበር ተሠርቷል፤ መጪው ዘመን በእንግሊዝኛ ይነገራል፣ በአማርኛ የሚነገረው ግን የዛሬው ኑሮና የትናንቱ ትዝታ ብቻ ነው። «ክራምብስ» ይህን ድንበር በድንገት ስለ ጣሰና በፍቅር ፊልሞች የምናውቃትን ሰላም ተስፋዬን ከዓለም ፍጻሜ ወዲያ ወስዶ ስላቆማት፣ ብዙ ሰው ፊልሙን በየትኛው ዓይን ማየት እንዳለበት ሳያውቅ ቀረ።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ታላቅ ጦርነት ዓለምን አጥፍቶ ካለፈ በኋላ፣ የተረፉት ጥቂት ሰዎች ዘራቸውን ለመተካት እንኳ ፈቃድ አጥተው በፍርስራሽ መካከል ይኖራሉ፤ በሰማይም ላይ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ጸጥ ያለች፣ የዛገች አንዲት የጠፈር መርከብ ተንጠልጥላ ትታያለች። ሰው ትቶት በሄደ የቦውሊንግ መጫወቻ ቤት ውስጥ ሁለት ፍቅረኞች ይኖራሉ፤ ወንዱ የወዳደቀ ዕቃ እየለቀመ የሚያድር ሲሆን፣ ትውልዱ ከሌላ ዓለም እንደ ሆነና አንድ ቀን ወደዚያው እንደሚመለስ ያምናል። ከዕለታት አንድ ቀን ለዘመናት ቆሞ የነበረው የቦውሊንግ መሣሪያ ያለ ሰው እጅ ሲንቀሳቀስ፣ መርከቢቱ ነቅታለች ብሎ ምሥጢሩን ለመመርመር መንገድ ይጀምራል፤ በመንገዱም ከጠንቋይና ከገና አባት ጋር ሳይቀር ይገናኛል። የፊልሙ ረቂቅ አሳብ ግን የሚገኘው ከመንገዱ ይልቅ በዕቃዎቹ ላይ ነው። በዚያ በተረሳ ዘመን የፋብሪካ ፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ክታብ ይከበራል፤ የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ጥንት ቅርስ ዋጋ ይቆረጥለታል፤ ሴቲቱም በቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ በማይክል ጆርዳን ሥዕል ፊት ትጸልያለች። ታሪኩን የረሳ ሕዝብ፣ ትርጉሙን የማያውቀውን ዕቃ እንደ ንዋየ ቅድሳት ሲያከብር እናያለን።

የመጀመሪያው ወገን ተመልካች የሚለው፣ ፊልሙ ታሪክ የለውም ነው። ጦርነቱ በማንና በማን መካከል እንደ ሆነ አይነገርም፤ መርከቢቱ ከወዴት እንደ መጣች አይገለጽም፤ ሰዎቹ ብዙ ይጓዛሉ፣ ጥቂት ይናገራሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከባለቤቱ ወይም ከጓደኛው ጋር ቲኬት ቆርጦ የገባ ሰው፣ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ያለውን ነገር መጠበቁ የሚያስነቅፈው አይደለም። ይህን ወገን አላዋቂ ነው ብሎ ማቃለል በፊልም ዐዋቂዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም፣ ትሕትና የጎደለው ፍርድ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሥራ ተመልካቹን አንድ ሰዓት ያህል በጨለማ አስቀምጦ የልብ መያዣ ካልሰጠው፣ ጥፋቱ ሁሉ የተመልካቹ ሊሆን አይችልም። የሁለቱ ፍቅረኞች ፍቅር እንኳ ከምልክት አልፎ በሥጋና በደም ሲሞላ ስለማይታይ፣ ጀግናው ሲጓዝ አብረነው እንጨነቅ ዘንድ የሚያስገድደን ነገር ያንሳል። ይሁን እንጂ ለዚህ ወገን አንድ መልስ አለ፤ ጦርነቱ ያልተገለጸው ደራሲው ስለ ረሳው ሳይሆን፣ ሰዎቹ ራሳቸው ስለ ረሱት ነው። የዚያ ዓለም መከራ እሳቱና ሞቱ ሳይሆን፣ እሳቱን ማን እንዳነደደው የሚናገር ሰው መጥፋቱ ነው፤ ስለዚህ ተመልካቹ የሚሰማው ግራ መጋባት ከፊልሙ ሰዎች ግራ መጋባት ጋር አንድ እንዲሆን የታሰበ ነው።

የሁለተኛው ወገን ክስ ከዚህ ይከብዳል። እነዚህ ተመልካቾች የሚጠይቁት፣ ከውጭ የመጣ ሰው የዓለምን ፍጻሜ ለማሳየት ሲፈልግ ስለ ምን ወደ ኢትዮጵያ መጣ፣ ስለ ምንስ አገራችን ሁልጊዜ የጥፋት ምሳሌ ትሆናለች እያሉ ነው። ይህ ጥያቄ ከባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በኮረም የተነሣው የረኃብተኞች ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ስም በዓለም ሕዝብ ጆሮ ከደረቀ መሬትና ከሚሞት ሕፃን ጋር ተጣብቆ ቀርቷል፤ ያን ዘመን በዕድሜው ያሳለፈ ሰው፣ የውጭ ሰው ካሜራ በተራቆተ ምድራችን ላይ ሲያነጣጥር ባየ ቁጥር አሮጌው ቁስል ቢያመረቅዝበት አያስደንቅም። ከዚህም በላይ የዳሎል ነገር አለ። ከባሕር ወለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ያ የደናክል ምድር፣ ቢጫውና አረንጓዴው ፍል ውሃ፣ ሙቀቱና የተተወው የማዕድን መንደር ፍርስራሹ ለባዕድ ዓይን ሌላ ፕላኔት ቢመስልም፣ ለአፋር ሕዝብ ግን አገሩ ነው። ጨው ቆፋሪው በዚያ ሐሩር ውስጥ አሞሌ እየጠረበ፣ በግመል እያስጫነ ልጆቹን ያሳደገበት፣ አባቶቹም ከደጋው ሰው ጋር የተገበያዩበት ምድር ነው። ለአንዱ የዓለም ፍጻሜ መስሎ የታየው፣ ለሌላው የዕለት እንጀራው መሠረት ነው፤ ይህን ያልተመለከተ ውበት፣ ምንም ያህል ዓይን ቢማርክ፣ ፍትሕ ይጎድለዋል።

ሆኖም ይህን ክስ እስከ መጨረሻው ስንከተለው፣ በፊልሙ ራሱ ውስጥ የሚቃረነው ነገር እናገኛለን። በክራምብስ ምድር ላይ የወዳደቀው ፍርፋሪ የኢትዮጵያ ፍርፋሪ አይደለም። እንደ ቅርስ የሚሸጠው አሻንጉሊት፣ የሚመለክበት የኳስ ተጫዋች፣ የጠፋው የሙዚቃ ሸክላ፣ ሁሉም የምዕራቡ ዓለም ፋብሪካና ገበያ የወለዳቸው ናቸው፤ የፈረሰውም ያ ገበያ ነው። ፊልሙ የሚፈርደው ድኻ በተባለው አገር ላይ ሳይሆን፣ ቀለማትና ማስታወቂያ እያበዛ የሰውን ልጅ አምልኮ በጠየቀው ሥልጣኔ ላይ ነው። ይህን ለመረዳት ከቦሌ ሰው የቀረበ የለም፤ በየሱቁ መስኮት የተደረደረውን የባዕድ ስም፣ በየልጁ ደረት ላይ የተጻፈውን የማያውቀውን ተጫዋች ስምና ቁጥር ዕለት ዕለት ያያልና። እንዲሁም ቁመቱ አጭር፣ ጀርባው ጎባጣ የሆነው ዳንኤል ታደሰ እንደ ትርኢት ቀርቧል ብለው የሚያዝኑ አሉ፤ ይህ ጸሐፊ ግን በዚህ አይስማማም። ያገራችን ፊልም አፍቃሪነትንና ጀግንነትን ለመልከ መልካሞች ብቻ ሲያድል ኖሯል፤ እዚህ ግን ዳንኤል የሚናፍቅ፣ የሚፈራ፣ የሚወደድና የሚወድ ሙሉ ሰው ሆኖ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ተሸክሞታል፤ በ2011 ዓ.ም.ም ከዚሁ ዳይሬክተር ጋር በሌላ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ዋና ተዋናይ ሆኖ ተመልሷል። ይህ የመሳለቅ ሳይሆን የክብር ምልክት ነው።

ሦስተኛው ወገን፣ በዕድሜ ወጣት የሆነውና ራሱም ፊልም ለመሥራት የሚመኘው፣ ክራምብስን እንደ ተከፈተ በር ይቆጥረዋል። የሳይንስ ልብ ወለድ ለመሥራት የሆሊውድ ገንዘብና የኮምፒዩተር ተአምር ያስፈልጋል ተብሎ ሲነገረው የኖረው ወጣት፣ አንድ የተተወ ሕንፃ፣ ጥቂት አሻንጉሊቶችና ጠንካራ አሳብ ካሉ መጪውን ዘመን መሣል እንደሚቻል በዓይኑ አይቷል፤ በአማርኛ የሚጸልይና በአማርኛ የሚያልም የመጪ ዘመን ሰውም ለመጀመሪያ ጊዜ ተመልክቷል። ይህ ደስታ እውነተኛ ነው። ነገር ግን በዚህም ወገን ውስጥ፣ ፊልሙን የሚያመሰግኑት የፈረንጅ ተቺዎች ስላመሰገኑት ብቻ የሆኑ አሉ፤ ከሮተርዳም የተዋሰ ምስጋናም ራሱ እንደዚያ እንደ ማይክል ጆርዳን ሥዕል፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚከበር ነገር እንዳይሆን ያሠጋል። ምስጋና ዋጋ የሚያገኘው አመስጋኙ ያየውን በራሱ ቃል ሲያስረዳ ነው።

አሳብ የተለያየበትን ምክንያት ስንመረምር፣ የሦስቱ ወገኖች ዓይን ያረፈው በተለያየ ነገር ላይ ሆኖ እናገኘዋለን። የመጀመሪያው የሚጠይቀው ፊልሙ ለእኔ ምን ሰጠኝ እያለ ነው፤ ሁለተኛው ፊልሙ ስለ እኔ ለሌላው ምን ተናገረ ይላል፤ ሦስተኛው ፊልሙ ነገ ምን እንድሠራ ያስችለኛል ይላል። ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ አንዱም የሌላውን መልስ ሊሽር አይችልም። በሌላው ዓለምም እንዲህ ሆኗል። በ1960 ዓ.ም. የስታንሊ ኩብሪክ የጠፈር ጉዞ ፊልም በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ በታየ ጊዜ ብዙ ተመልካቾች አቋርጠው ወጥተው ነበር፤ ያው ፊልም ዛሬ ከዚህ ጥበብ ታላላቅ ሥራዎች መካከል ይቆጠራል። በ1971 ዓ.ም. የወጣው የአንድሬ ታርኮቭስኪ «ስቶከር» ደግሞ፣ ሦስት ሰዎች በተከለከለ ምድር ቀስ ብለው ሲጓዙ የሚያሳይ ሆኖ፣ ለአንዱ ጸሎት ለሌላው እንቅልፍ እንደ ሆነ አለ። በአህጉራችንም የኬንያዋ ዋኑሪ ካሂዩ «ፑምዚ» በተባለው አጭር ፊልሟ ከውሃ ጦርነት በኋላ አንድ ዘር ለማብቀል የምትደክም አፍሪካዊት ሴት ስታሳየን፣ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የራያን ኩግለር «ብላክ ፓንተር» ደግሞ ቅኝ ያልተገዛች፣ በዕውቀት የበለጸገች አፍሪካዊት አገር ፈጥሮ አቀረበ። ከነዚህ ጋር ሲነጻጸር የክራምብስ ጉድለት ግልጽ ይሆናል፤ የካሂዩ ሴት ዘር ስትተክል፣ የኩግለርም አገር ስትገነባ፣ የክራምብስ ሰዎች ግን የሌሎችን ጥራጊ ከመልቀም አልፈው የሚሠሩት የላቸውም። የሁለተኛው ወገን ኀዘን ሥሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ድኻ ሆነን መታየታችን ሳይሆን፣ ሠሪዎች ሆነን አለመታየታችን ነው።

መጪውን ዘመንና የሰማይን ምሥጢር ማሰብ ለኛ እንግዳ ነገር ነው የሚል ቢኖር የገዛ መጻሕፍቱን አልተመለከተም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ ለዓለም የተረፈው በግእዝ ቋንቋ ብቻ ነው፤ በዚያም ሄኖክ ወደ ሰማያት ተነጥቆ የፀሐይንና የጨረቃን ሥርዓት፣ የከዋክብትን መውጫና መግቢያ፣ የነፋሳትን መዛግብት ሲመለከት እናነባለን። ፍካሬ ኢየሱስም ስለ ዘመን ፍጻሜና ስለሚመጣው መከራ፣ ከመከራውም በኋላ ስለሚነግሠው ጻድቅ ንጉሥ ሲናገር፣ አባቶቻችን በየዘመናቸው የሆነውን ሁሉ በእርሱ ሲመዝኑ ኖረዋል። እነዚህን መጻሕፍት ከልብ ወለድ ጋር መቁጠር አይገባም፤ በእምነት የሚነበቡ ናቸውና። ነገር ግን ዓይኑን ወደ ጠፈር አንሥቶ ስለ ነገ የሚጨነቅ ልቡና በዚህ ምድር ከጥንት ጀምሮ እንደ ነበረ ይመሰክራሉ። በእኛም ዘመን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን ሳተላይት ከቻይና ምድር ወደ ሰማይ ልካ፣ በእንጦጦ ጣቢያ መረጃዋን ትቀበል ስለ ነበር፣ ፊልሙ ሰማይ ላይ ዝጋ ተንጠልጥላ ካሳየን መርከብ የተለየ፣ የምትሠራ መሣሪያ በጠፈር እንደ ነበረችን ማስታወስ ይገባናል።

ከመጻሕፍቱ ይልቅ የሚጠቅመን ግን አባቶቻችን መጻሕፍቱን ያነበቡበት ሥርዓት ነው። በትርጓሜ ቤት መምህሩ አንዱን ንባብ አንሥቶ ምሥጢሩን ከገለጠ በኋላ፣ አንድም ብሎ ሁለተኛውን፣ አንድም ብሎ ሦስተኛውን ይጨምራል፤ የፊተኛው የኋለኛውን አይሽረውም፤ እያንዳንዱ ግን ከንባቡ፣ ከታሪኩ ወይም ከምሳሌው ምክንያቱን ይዞ መምጣት አለበት። በጎንደር የመምህር ኤስድሮስ ትርጓሜ ከቀድሞው በተለየ ጊዜ እንኳ፣ ላይ ቤትና ታች ቤት ሁለት ወገን ሆነው ቀጠሉ እንጂ አንዱ ሌላውን ከጉባኤ አላስወጣውም፤ ተማሪውም የሁለቱን አሳብ ለይቶ ማወቅ እንደ ዕውቀት ይቆጠርለት ነበር። ከዚህ ያህል የጠለቀ ልማድ ያለው ሕዝብ፣ ከሲኒማ አዳራሽ ሲወጣ «ደስ ይላል» ወይም «አይረባም» ብሎ ብቻ መለያየቱ የሚያሳዝን ነው። ፊልሙን የጠላው ሰው ያስጠላውን ትዕይንት ቢያሳይ፣ የወደደውም ያስወደደውን ቢያሳይ፣ የሁለቱ ቃል ጎን ለጎን ቆሞ ሦስተኛውን ሰው ያስተምራል።

በእርግጥ ይህን የሚቃወም ሊኖር ይችላል። ሲኒማ ጉባኤ ቤት አይደለም፣ ሰው ደክሞት ሊዝናና ይገባበታል፣ ክርክር የሚያበዛ ፊልምም አዳራሹን ባዶ ያስቀራል ይላል። የአዳራሹ ባለቤት ኪራይና መብራት እንደሚከፍል የታወቀ ነው፤ የፊልም ሠሪውም ብድር እንዲሁ። ሆኖም በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት የተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት እንደ ነበር ታሪክ ያስረዳናል፤ ያ ሕዝብ ከፍርሃት ወደ ልማድ፣ ከልማድ ወደ ፍቅር የተሻገረው እየተነጋገረና እየተሟገተ እንጂ ጥያቄው ተቀንሶለት አይደለም። ተመልካቹን ለቀላል ነገር ብቻ የሚሆን አድርጎ መገመት፣ እርሱን ማክበር አይደለም።

ስለዚህ ከክራምብስ ክርክር ሁለት ተግባር ይወጣል። የመጀመሪያው የአዳራሽ ባለቤቶችና የጋዜጦች ነው፤ ከባድ ፊልም በሚታይበት ቀን ተመልካቹ ፊልሙ እንዳለቀ ወደ በሩ ከመሄድ ይልቅ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ የሚናገርበት ጉባኤ ቢደረግ፣ ጋዜጦችም የተዋንያንን ወሬ በሚጽፉበት ዓምድ አጠገብ ምክንያት ያለው ሒስ ቢያወጡ፣ ፊልም የማየት ባህላችን በጥቂት ዓመት ውስጥ መልኩን ይለውጣል። ሁለተኛውና ዋነኛው የፊልም ሠሪዎች ነው። ባዕድ መጥቶ መጪ ዘመናችንን ሣለብን ብሎ ማዘን የሚገባ ቢሆንም፣ ኀዘን ብቻውን ሥዕል አይሠራም። ከመቶ ዓመት በኋላ የአዋሽ ውሃ ምን ይሆናል፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች በተዘረጋው ሐዲድ የሚመላለሱት ሰዎች የልጅ ልጆች በየትኛው ከተማ ይኖራሉ፣ የጨው ነጋዴው ልጅ በዳሎል ላይ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ኢትዮጵያዊ የፊልም ደራሲ ብዕሩን ቢያነሣ፣ የሁለተኛው ወገን ቁጣ መልስ ያገኛል፤ የሦስተኛው ወገን ተስፋ ሥጋ ይለብሳል፤ የመጀመሪያው ወገንም የሚከተለው ታሪክ ያገኛል።

ክራምብስን የወደደም የጠላም በአንድ ነገር ይስማማ ዘንድ ይገባዋል። መጪው ዘመን እንደ ርስት ነው፤ ባለቤቱ ተነሥቶ ካላለማው ሌላ ሰው አጥሮ ያርሰዋል፤ ያረሰውም ሰው የዘራው ዘር መልካም ቢሆን እንኳ፣ አዝመራው በባለርስቱ ስም አይጠራም። የተመልካቾቻችን አሳብ መለያየቱ ይህን ርስት የሚፈልግ ሕዝብ እንዳለ ያመለክታል፤ ሕዝቡ ምክንያቱን እየሰጠ ይሟገት፣ ደራሲዎቹም ሙግቱን ሰምተው ይጻፉ፤ ያን ጊዜ የነገዋ ኢትዮጵያ በራሷ ልጆች አሳብ፣ በራሷም ቋንቋ በመጋረጃው ላይ ትታያለች።